ጉዞን በኩንታል መቁጠር

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። ሳምንታት ሳያልፉ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ ታኅሣሥ 2017 ላይ ደግሞ 120ን ተሻገረ። ይህ ለውጥ በአስመጪው፣ በነዳጁና በመድኃኒቱ ላይ ስላስከተለው ነገር ብዙ ተብሏል። በሰሜን ምዕራቡ ቆላ ሰሊጥ እያመረተ፣ አንድ ቀን ኢየሩሳሌምን እሳለማለሁ ወይም ሐጅ አደርጋለሁ ብሎ ዓመት በዓመት ገንዘብ ሲያስቀምጥ ስለኖረው ሰው ግን የተባለ ነገር አላጋጠመኝም። የእርሱ ሒሳብ ቀላል ነው። ጉዞው ትኬቱ፣ ማደሪያው፣ ምግቡና መጓጓዣው ተደምሮ 2,000 ዶላር ይፈጃል እንበል። በዓመት 30,000 ብር እየለየ ከ2013 እስከ 2016 አራት መኸር የታገሠ ሰው፣ ወለዱን ሳንቆጥር፣ 120,000 ብር ይዟል። በሐምሌ መጀመሪያ ቢሆን ጉዞው 114,000 ብር ስለነበር ይበቃዋል። በታኅሣሥ ግን ያው ጉዞ 240,000 ብር ሆኖ ይጠብቀዋል። ሰውየው አላባከነም፣ አልሰነፈም፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆም አልበላም። አራት ዓመት ሙሉ የቆጠረበት መስፈሪያ ግን ከእጁ ላይ ጠበበ።

እኔ የምከራከረው ስለዚህ መስፈሪያ ነው። ለውጭ አገር ጉዞ መቆጠብን በተመለከተ በከተማ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ለደመወዝተኛ የተሰፋ ነው፤ ከወር ገቢህ ይህን ያህል መቶኛ ቀንስ፣ በየወሩ አስቀምጥ፣ በዓመት ይህን ያህል ይሆንልሃል ይላል። ለቆላዋ ከተማ ለሳንጃ መምህር ወይም ለጤና ጣቢያው ነርስ ያገለግል ይሆናል። ገንዘብ በዓመት አንዴ ብቻ ለሚያየው፣ ያም ገንዘብ ከዓለም ገበያ ጋር ለሚወጣና ለሚወርደው የሰሊጥ ገበሬ ግን አይሆንም። እርሱ ጉዞውን ማቀድ ያለበት በኩንታል ነው። ቆጥቦ የሚያስቀምጥለት ተቋምም ይህንኑ አውቆ መዘጋጀት አለበት።

ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ ወደ ምዕራብ አብርሃ ጅራን፣ አብደራፊን፣ ገንዳ ውኃንና መተማ ዮሐንስን ይዞ እስከ ሱዳን ድንበር የሚዘልቀው ቆላ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ አገር ነው። እዚህ ገንዘብ የራሱ ወቅት አለው። በሰኔ ለእርሻና ለዘር ይወጣል። በሐምሌና በነሐሴ ለአረም ይወጣል፤ ሰሊጥ በልጅነቱ አረም የማይችል ሰብል ስለሆነ ሁለትና ሦስት ጊዜ መታረም ይፈልጋል፣ ለዚህም ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ይቀለባል፣ ይከፈለዋል። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ አጨዳው ይደርሳል። የደረሰ ሰሊጥ ቀን ከተሰጠው ፍሬው መሬት ላይ ስለሚረግፍ ገበሬው ሠራተኛውን በተጠየቀው ዋጋ መቅጠር ግድ ይሆንበታል። ነዶው ቆሞ ደርቆ፣ ተራግፎ፣ ተነፍቶ ኩንታል የሚሆነው ከጥቅምት በኋላ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር እጅ ይሞላል፤ ሠርግም፣ ተዝካርም፣ ቆርቆሮም፣ አዲስ ልብስም በዚሁ ጊዜ ይመጣል። ከሚያዝያ በኋላ ደግሞ እጅ ያጥራል። በየወሩ አስቀምጥ የሚለው ምክር በዚህ ወቅት ፊት ትርጉም የለውም፤ በነሐሴ የሚቀመጥ ነገር ስለሌለ።

ከእርሻ ተነሥቶ ሩቅ አገር መሄድ ለዚህ ቆላ እንግዳ ነገር አይደለም። ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው ሱዳንን አቋርጠው መካ የሚሄዱና ከመካ የሚመለሱ ተክሩሮች በመተማና በገላባት ሰፍረው ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ስለእነርሱ ሲጽፍ ታታሪነታቸውንና የጥጥ እርሻቸውን አንሥቷል። ጉዞው ዓመታት ይፈጅ ነበር። ስንቅ ሲያልቅ ቆሞ ማረስ፣ ምርቱን ሸጦ መነሣት፣ እንደገና ቆሞ ማረስ ነበር ሥርዓቱ። ከጎንደር ተነሥተው በዚሁ በመተማ በር ወደ ሱዳን ወርደው፣ ወደ ግብፅና ወደ ኢየሩሳሌም ያቀኑ ክርስቲያን ተሳላሚዎችም ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ጉዞአቸውን የሚያሰሉት በምርት ሳይሆን አይቀርም፤ ስንት ሸክም ጥጥ፣ ስንት ቁና ማሽላ እስከየት ያደርሰኛል ብለው።  ዛሬ ከጎንደር በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ቴል አቪቭ ወይም ጅዳ በሰዓታት ይደረሳል። የጥንቱን የሒሳብ ዘዴ ግን መጣል አልነበረብንም።

ለምን በኩንታል? ምክንያቱ ሰሊጥ ራሱ የውጭ አገር ተጓዥ በመሆኑ ነው። የዚህ ቆላ ሰሊጥ በብዛት የሚበላው እዚህ አይደለም፤ ቻይና ይሄዳል፣ እስራኤል ይሄዳል። እስራኤል ውስጥ ተፈጭቶ ጣሂና ይሆናል። ላኪው ሲሸጥ የሚቀበለው ዶላር ነው። የብር ዋጋ ሲወድቅ ላኪው ለአንድ ኩንታል የሚያገኘው ብር ይበዛል፣ ለገበሬው የሚከፍለውም ከፍ የማለት ዕድል ያገኛል። አየር መንገዱና ሆቴሉ የሚጠይቁትም ዶላር ነው። ሁለቱም ወገን በአንድ ገንዘብ ሲገበያዩ መሀል ላይ ቆሞ በብር የሚቆጥር ሰው ብቻውን ተጎጂ ይሆናል። ብር የወደቀው በ2016 ብቻም አይደለም። በመስከረም 1985 ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወጣ፤ በነሐሴ 2002 እና በጥቅምት 2010 ደግሞ በአንድ ቀን ውሳኔ ብር ከዋጋው ተቀንሷል። አምስትና ስድስት ዓመት የሚፈጅ ቁጠባ የሚጀምር ሰው በመሀሉ እንዲህ ያለ ቀን ሊመጣበት እንደሚችል አስቦ መጀመር ይኖርበታል።

በኩንታል መቁጠር ማለት ግን ሰሊጥ አከማችቶ ዓመታት መቀመጥ ማለት አይደለም። ሰሊጥ ቅባት ያለው እህል ነው፤ ሲቆይ ይበላሻል፣ በክምር ላይም በመጋዘንም ፈሳሹን የሚመጥ ተባይ አለበት። እኔ የምለው ግቡ በኩንታል ይጻፍ ነው። የአንድ ኩንታል ዋጋ 12,000 ብር በሆነበት ዓመት 240,000 ብር የሚፈጅ ጉዞ 20 ኩንታል ነው። ከሄክታር አምስት ኩንታል የሚያገኝ ገበሬ የአራት ሄክታር ሙሉ ምርት ማለት ነው፤ ለአረሙና ለአጨዳው የወጣው ሳይቀነስ። እንዲህ ሲሰፈር ጉዞው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይታያል፤ በአንድ መኸር የሚሞከር እንዳልሆነም ይታያል። በአራት መኸር ቢከፋፈል ግን በዓመት አምስት ኩንታል ነው። ገበሬው ሰሊጡን በሸጠ ዕለት፣ ገና ገንዘቡ ቤት ሳይገባ፣ የአምስቱን ኩንታል ዋጋ ለይቶ ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ኅዳር ደብተሩን ከፍቶ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ያለኝ ገንዘብ በዛሬው ዋጋ ስንት ኩንታል ይገዛል? አምና አምስት የነበረው ዘንድሮ አራት ከሆነ ጎደሎውን አንድ ኩንታል ይሞላል። በብር ቢቆጥር ኖሮ ጉድለቱን የሚያውቀው በመጨረሻው ዓመት፣ ትኬት ሊቆርጥ ሲሄድ ነበር። የዓለም የሰሊጥ ዋጋ ራሱ የሚያሽቆለቁልበት ዓመትም ስለሚኖር፣ በዚያው ቀን የዶላሩን ተመን መመልከትና ጉዞው አሁንም 20 ኩንታል መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በዓመት አንድ ቀን፣ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አብዝቼ የምፈራው የአረም ገንዘብን ነው። የተሳላሚው ጉዞ ለፋሲካ ስለሆነ በሚያዝያ ገደማ ይወድቃል። ሐጅ ደግሞ በጨረቃ አቆጣጠር በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ፣ በእነዚህ ዓመታት በግንቦት አካባቢ ይውላል፤ ገበሬው ማሳውን ለዘር በሚያዘጋጅበት ሰሞን ማለት ነው። ሁለቱም መንገደኞች ሲመለሱ ክረምቱ ተቃርቧል። ለጉዞው የወጣው ገንዘብ ለሰኔ ዘርና ለሐምሌ አረም መሆን የነበረበት ከሆነ፣ የተመለሰው ሰው በር ላይ የሚጠብቀው አራጣ አበዳሪ ነው። ገና በማሳ ላይ ያለ ሰሊጥ በርካሽ ዋጋ ተገምቶ ለብድር ይሰጣል፤ በኅዳር ኩንታሉ ተቆጥሮ ሲወሰድ ገበሬው ያለ እርሻ ካፒታል ይቀራል፤ በተከታዩም ዓመት እንደገና ይበደራል። የጉዞው ዋጋ ብሎ የጻፈው 20 ኩንታል ስለነበር፣ ለአራጣው የተወሰደው ሌላ ኩንታል በምን በኩል እንደሄደ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ በበጀቱ ላይ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት መስመር ከመጣ በኋላ የሚያስፈልገው የአንድ ክረምት ወጪ ነው፤ ትኬቱ ከዚያ በታች ይጻፋል። ይህን የምለው ከኢኮኖሚ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። በእስልምና ሐጅ ግዴታ የሚሆነው አቅሙ ላለው ነው፤ ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳውን እንዲያስቀድም፣ ጥሏቸው ለሚሄዳቸው ቤተሰቦችም ስንቅ እንዲተው ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶም ኢየሩሳሌምን መሳለም በረከት እንጂ ያልሄደ ሰው የሚጠየቅበት ግዴታ አይደለም። በሬ ሸጦ፣ ማሳ አከራይቶ፣ በአራጣ ተበድሮ ሂድ የሚል ትእዛዝ ከሁለቱም ወገን የለም።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች አሉ፤ ተቃውሟቸውም ቀላል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የሚሉት፦ በዚህ ዘመን፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይሄድ ዓመት በሚያልፍበት፣ መንገድ በሚዘጋበት፣ ሰው ታግቶ ገንዘብ በሚጠየቅበት ቆላ ስለ ውጭ ጉዞ ማውራት ቅንጦት ነው። ሕመማቸው ይገባኛል። ነገር ግን ይህ ሰው ሰው ሆኖ ከሚኖርባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ምኞት ነው። ዕድሜውን ሙሉ በወባና በፀሐይ መሀል ያረሰች እናት ከመሞቷ በፊት ጎልጎታን ልሳለም ብትል ቅንጦት ፈለገች ማለት አልችልም። እንደውም ገንዘብን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ በራሱ አደጋ በሆነበት ዘመን፣ ለአንድ ዓላማ ተለይቶ በባንክ የተቀመጠ ብር ከሽፍታም፣ ከድንገተኛ ድግስም የተሻለ ይጠበቃል። ልጁን ለማስተማርና ለመሳለም የሚቆጥብ ሰው በሁለት ደብተር ይቆጥብ፤ ደብተሮቹ አይቀላቀሉ፤ የልጁ ይቅደም።

ሁለተኛዎቹ ደግሞ ባንክ ምን ያደርጋል ይላሉ። እውነት አላቸው። የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከጥቅምት 2010 ወዲህ 7 በመቶ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። በዚያ ዓመት ባንክ ያስቀመጠ ሰው ከገንዘቡ አቅም አንድ አምስተኛ ያህል አጥቷል። ለዚህ መልሱ ከብት መግዛት ነው የሚሉ አሉ፤ ከብት ግን በቆላ በበሽታ ይሞታል፣ ይነዳል፣ ድርቅ ሲመጣ የሁሉም ሰው ከብት በአንድ ቀን ገበያ ወጥቶ ይረክሳል። ዕቁብ ይሻላል የሚሉም አሉ፤ እኔም ዕቁብን አከብራለሁ። ሰው ፊት ለፊት እየተያየ ስለሚጥል ማንም አይዘገይም፤ ዕጣው ቀድሞ ለወጣለት ሰው ደግሞ ከዋጋ ንረት ማምለጫ ነው። ለመጨረሻው ባለዕጣ ግን ያው ብር ነው፤ የሳምንት ዕቁብም ለሳንጃ ባለሱቅ እንጂ ለገበሬው አይመችም። የኅዳር ዕቁብ ማለትም በዓመት አንድ ጊዜ ከሰሊጥ ሽያጭ ላይ የሚጣል፣ መዋጮው በኩንታል ዋጋ የሚተመን ዕቁብ ግን ሊቋቋም ይችላል፤ ለተሳላሚ ማኅበር ወይም ለአንድ ጀመዓ የሚገጥም ነገር ነው።

የተሻለው መንገድ ግን ተቋም ነው፤ ለዚህም በዓለም የታወቀ ምሳሌ አለ። በማሌዥያ የገጠር ሙስሊሞች ለሐጅ ገንዘባቸውን በፍራሽ ሥርና በግድግዳ ውስጥ ይደብቁ ነበር፤ ሲሄዱም ብዙዎቹ መሬታቸውንና ከብታቸውን ሸጠው ሄደው ደህይተው ይመለሱ ነበር። ኡንግኩ አዚዝ የተባሉት የምጣኔ ሀብት ምሁር ይህን አይተው እ.ኤ.አ. በ1959 የተሳላሚዎች የቁጠባ ተቋም እንዲመሠረት ሐሳብ አቀረቡ። ተቋሙ በ1963 ሥራ ጀመረ፤ በ1969 የሐጅ ጉዳይን ከሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ጋር ተዋህዶ ዛሬ ታቡንግ ሐጂ የሚባለው ሆነ። ልዩ የሚያደርገው የገበሬውን ትንንሽ ቁጠባ ሰብስቦ በሸሪዓው መሠረት በእርሻና በሌላ ሥራ ላይ ማዋሉ ነው፤ ገንዘቡ ተኝቶ አልተበላም። እንከን አልነበረበትም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2018 ዕዳው ከንብረቱ መብለጡ ታውቆ መንግሥት ገብቶ ሊታደገው ተገድዷል። የሕዝብ የጉዞ ገንዘብ የሚይዝ ተቋም ከባድ ቁጥጥር እንደሚያስፈልገው ያሳያል። ሐሳቡ የማይሠራ መሆኑን ግን አያሳይም።

እኛ ዘንድ መሠረቱ በከፊል አለ። የቀድሞው አብቁተ፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ ገጠሩን ለዓመታት ያውቀዋል። ከወለድ ነጻ የሚሠሩት ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ተከፍተዋል። በቆላው መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ሰሊጥ ይሰበስባሉ፣ ይሸጣሉ። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ አሠራር ነው። ገበሬው ለዩኒየኑ ሰሊጥ ሲያስረክብ ከአሥሩ ኩንታል የአንዱ ዋጋ ለጉዞዬ ይቀመጥ ብሎ ቢፈርም፣ ዩኒየኑ ያንን ድርሻ ዋጋ እስኪሻሻል ይዞ ቢያቆየውና በየካቲት ወይም በመጋቢት ሸጦ በሰውየው ስም ባንክ ቢያስገባ፣ በአጨዳ ሰሞን ገበያው በሰሊጥ ሲጥለቀለቅ ከሚደርስበት ኪሳራ ያድነዋል። ዩኒየኑም የአባሉን ምርት ከደላላ ያስቀራል። ባንኩ በበኩሉ ይህን ሒሳብ ከቁጠባ ሒሳቦች ሁሉ ለይቶ ይይዘው፤ ባለቤቱ በክረምት ቢያወጣው ጥቅሙ የሚቀንስበት፣ ለጉዞው ሲያወጣው ግን ወረፋ ሳይጠብቅ የውጭ ምንዛሪ የሚያገኝበት ይሁን። የሰሊጥ ገበሬ ለአገር ዶላር የሚያመጣ ሰው ነው። በዕድሜው አንድ ጊዜ ለሚያደርገው ጉዞ ከዚያ ዶላር ጥቂቱን ያለ ልመና ቢያገኝ ለማንም አይበዛበትም።

በቆላው የውጭ ጉዞ ሲነሣ የሚታወስ ሌላ መንገድም አለ፤ የደላላው መንገድ። መተማ ዮሐንስ ለረጅም ጊዜ ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ የሚሄዱ ወጣቶች መውጫ በር ሆና ኖራለች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ በዚያው በር ሱዳናውያንም፣ በሱዳን ሲሠሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንም በሺዎች እየሆኑ ተመለሱ። በዚህ መንገድ የሚወጣው ገንዘብ የቤተሰብ የሰሊጥ ገንዘብ ነው። ወጣቱ ከመነሻው የሚከፍለው ትንሽ ይሆንና በረሃ ላይ ሲታገት አባት ማሳውን ያስይዛል፤ ለሁለት ሰው ሕጋዊ ጉዞ የሚበቃ ገንዘብ ለማስለቀቂያ ይሄዳል። ለሥራ የሚሄድ ሰው ይህንን ይወቅ፤ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራና ለመሰል ሰነዶች ነው። ለሥራ ጉዞ ትኬት ብሎ ብዙ ኩንታል ሰሊጥ እንድትሸጥ የሚጠይቅህ ሰው በሕጉ መንገድ የሚሄድ አይደለም።

ከትንንሾቹ ወጪዎች አንዱን ብቻ ላንሳ፤ ፓስፖርት። በ2016 ዓ.ም. በተሻሻለው ተመን መደበኛው አዲስ ፓስፖርት 5,000 ብር ሲሆን፣ በአምስት ቀን የሚደርሰው 20,000፣ በሁለት ቀን የሚደርሰው 25,000 ብር ነው። ጉዞው ሊደርስ ሲል የሚሯሯጥ ሰው ከአንድ ኩንታል ሰሊጥ በላይ ለጥድፊያ ይከፍላል። በጉዞው ቀን የአገልግሎት ጊዜው ሊያልቅ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ሆኖ እንዲገኝ አስልቶ፣ ጉዞው ሊደረግ አንድ ዓመት ሲቀረው ማውጣት ይበቃል። የጉዞ ወኪሉም ፈቃድ ያለው ይሁን፤ ክፍያው በባንክ፣ ደረሰኙ በእጅ።

ዩኒየኖቹና ባንኮቹ ለመጪው ኅዳር አንድ ደብተር እንኳ ቢከፍቱ፣ በሳንጃና በአብርሃ ጅራ በአንዳንድ ቀበሌዎች ብቻ ቢሞክሩት፣ በሦስት መኸር ውስጥ ይሠራል አይሠራም የሚለው ይታወቃል። እስከዚያው ገበሬው ራሱ ሊያደርገው የሚችለው አለ። ሰሊጡን በሸጠ ዕለት የክረምቱን የአረም ገንዘብ ያስቀድም፣ ቀጥሎ የልጆቹን፣ ቀጥሎ የጉዞውን ኩንታል ይለይ። የአረሙን ገንዘብ ሳይነካ መሄድ ካልቻለ ዘንድሮ አይሂድ፤ ለከርሞ ያቆየው።